ቤቱ ፈረሰ፣ ደመወዙስ? የአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 38 በፒያሳ ሲነበብ

በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ፒያሳንና ዶሮ ማነቂያን ሲያፈርስ ስለ ቅርስ፣ ስለ ነዋሪና ስለ ነጋዴ ብዙ ተብሏል። ስለ አራዳ ሕንፃዎችማ ቀድሞም ጥሩ ጽሑፍ ነበረን። የባሕሩ ዘውዴ የቀደምት ሰፈሮች ጥናትና ፋሲል ጊዮርጊስ ከዴኒስ ጄራርድ ጋር ያዘጋጁት የአዲስ አበባ የሕንፃ ቅርስ መጽሐፍ ለዚህ ይበቃሉ። ከእነርሱ ጋር ክርክር የለኝም፣ አልፋቸዋለሁ። ክርክሬ ካፌው በተዘጋበት ቀን ሽርጧን አውልቃ ስለወጣችው አስተናጋጅ፣ ስለ ዕቃ አጣቢው፣ ስለ ወርቅ ቤቱ ሻጭና ስለ ሌሊት ጥበቃው ነው። የመጨረሻ ወር ደመወዛቸውን አሠሪው ዘንድ ትተው ከወጡ ሕጉ ምን ይላቸዋል?

አቋሜን ከመነሻው ላስቀምጥ። የንግድ ቤቱ በመንግሥት ውሳኔ መፍረሱ አሠሪውን የመጨረሻውን ደመወዝ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ከመክፈል ግዴታ አያወጣውም። መዘግየቱ ከሚያስከትልበት፣ እስከ 3 ወር ደመወዝ ሊደርስ ከሚችለው ተጨማሪ ክፍያም አያድነውም። ተቃራኒው አረዳድ ፍርሻውን ራሱን ለመዘግየቱ በቂ ምክንያት አድርጎ ይወስዳል። አሠሪው ሲከሰስ የሚቀርበው መልስም ብዙ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል፤ «ከአቅሜ በላይ በሆነ ምክንያት ነው» ይላል። ይህ አረዳድ የተሳሳተ ነው።

ሕጉ በአጭሩ ይህን ይመስላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአዋጅ ቁጥር 377/1996 ወራሽ ነው፤ ያም አዋጅ ቁጥር 42/1985ን፣ 42/1985 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 64/1968ን ተክቶ የመጣ ነው። በአንቀጽ 36 መሠረት የሥራ ውል ሲቋረጥ ደመወዝና ከደመወዝ ጋር የተያያዘ ክፍያ ሁሉ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። ጊዜው ሊራዘም የሚችለው ሠራተኛው የአሠሪውን ንብረት ወይም ገንዘብ ለመመለስ በራሱ ጥፋት ሲዘገይ ነው። በመጠኑ ላይ ክርክር ቢነሳ እንኳ አንቀጽ 37 ክርክር የሌለበት ገንዘብ በዚያው ጊዜ ውስጥ እንዲከፈል ያዛል። አንቀጽ 38 ደግሞ ለዘገየ አሠሪ ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር ደመወዝ ሊፈርድበት እንደሚችል ይደነግጋል፤ መዘግየቱ ከአሠሪው ቁጥጥር ውጭ በሆነ ምክንያት የመጣ ካልሆነ በቀር።

ክርክሩ ያለው በዚህች መጨረሻ ሐረግ ላይ ነው። ተቃራኒው ወገን ሐረጓን የሚያነብበት መነጽር ከአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የተገኘ አይደለም። የተገኘው ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1792 እስከ 1794 ነው። ለዚህ ልማድ ትልቁ ምንጭ ጆርጅ ክርዜቹኖቪች ስለ ውል አመሠራረትና ውጤት በ1983 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መጽሐፍ ይመስለኛል። ጠቅላላ የውል ሕግን ለማብራራት መጽሐፉ እስካሁን የሚተካ አላገኘም። ጉዳቱ ያለው በአጠቃቀሙ ነው። አንባቢዎቹ ስለ ጠቅላላ ውል የተባለውን ይዘው በቀጥታ ወደ አስተናጋጇ ደመወዝ ይሄዳሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ራሱ ግን በአንቀጽ 1676 ንዑስ አንቀጽ 2 ጠቅላላ ድንጋጌዎቹ ለልዩ ውሎች የወጡ ልዩ ድንጋጌዎችን እንደማይነኩ ይናገራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ አንቀጽ 38 መዘግየትን ከምን ጋር ያያይዘዋል የሚለው ነው። መልሱም ከአዋጁ ውስጥ መገኘት አለበት።

እሺ፣ ለክርክሩ ያህል ወደ ፍትሐ ብሔር ሕጉ እንግባ። እዚያም ቢሆን ተቃራኒው ወገን አይረታም። አንቀጽ 1792 ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ባለዕዳው ሊያስበው ያልቻለ ድንገተኛ ነገር መድረሱ ነው። ሁለተኛው ይህ ነገር ግዴታውን እንዳይፈጽም ፈጽሞ የሚከለክለው መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን ልቀበል። የፒያሳ ነዋሪዎችና ነጋዴዎች ለመልቀቅ የተሰጣቸው ጊዜ አጭር እንደነበር በወቅቱ ተናግረዋል፤ አላሰቡትም ቢባል አልከራከርም። ሁለተኛው ግን አይሟላም። ካፌው መፍረሱ ቡና በዚያ ቦታ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ባለካፌው ከባንክ ሂሳቡ ወይም በቴሌብር ለሠራተኛው ገንዘብ እንዳያስተላልፍ ግን አይከለክልም። አንቀጽ 1793 ከሚዘረዝራቸው ምሳሌዎች አንዱ የመንግሥት ክልከላ መሆኑን ጠቅሶ የሚከራከር አለ። ነገር ግን አንቀጹ ምሳሌዎቹን ሁሉ እንደ ሁኔታው የሚታዩ አድርጎ ነው ያቀረባቸው፤ የሚመለከተውም የውሉን አፈጻጸም የሚከለክል ክልከላ ነው። ደመወዝ መክፈልን የከለከለ ባለሥልጣን ደግሞ የለም። አንቀጽ 1794ን የሚጠቅስ ግን ብዙም አላየሁም። አንቀጹ የባለዕዳውን ግዴታ ያከበደ አዲስ ሕግ መውጣቱ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል እንደማይባል በግልጽ ደንግጓል። ሕግ ሲወጣ ያልዳነ ባለዕዳ በአስተዳደር ውሳኔ ይድናል የሚያሰኝ ምክንያት አላገኘሁም።

ወደ አዋጁ ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ሕግ አውጪው ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የንግድ ሥራን ሊያቆም እንደሚችል ያውቅ ነበር፤ ለዚህም በአንቀጽ 18 ቦታ ሰጥቶታል። በዚህ ምክንያት ወይም በአሠሪው ጥፋት ባልመጣ የገንዘብ ችግር ሥራው ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት ሲቆም የሥራ ውሉ ለጊዜው ይታገዳል። በእገዳው ጊዜ አሠሪው ደመወዝ አይከፍልም። ነገር ግን አሠሪው ሁኔታውን በ3 ቀናት ውስጥ ለሚመለከተው ባለሥልጣን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ የእገዳው ጊዜም ከ90 ቀናት አይበልጥም። እንግዲህ ሥራን የሚያቆም ኃይል መዳኛው በአንቀጽ 18 ነው፤ ያውም በጊዜ ገደብና በማሳወቅ ግዴታ ታጥሮ። አንቀጽ 38 የሚናገረው ስለ መዘግየት ብቻ ነው፤ ከአሠሪው ቁጥጥር ውጭ የሆነው ነገር ክፍያውን ራሱን ያዘገየ መሆን አለበት። የአሠሪው ሂሳብ በፍርድ ቤት ቢታገድ ወይም አሠሪው ራሱን ስቶ ሆስፒታል ቢተኛ ምክንያቱ ይገባኛል። ቤት መፍረሱ ግን ውሉ ለምን እንደተቋረጠ እንጂ ክፍያው ለምን እንደዘገየ አያስረዳም።

አንቀጽ 38 ፍርድ ቤቱን «ሊያዝ ይችላል» እንጂ «ያዛል» ስለማይል፣ ዳኛው ምንም ላይፈርድ ይችላል የሚል መቃወሚያ ይነሳል። መቃወሚያው ቀላል ነው። የዳኛው ሥልጣን እስከ 3 ወር ካለው ውስጥ መጠኑን ለመወሰን ነው። አሠሪው ምክንያት ካላስረዳ ዜሮ መፍረድ ድንጋጌውን ከአዋጁ እንደመሰረዝ ይቆጠራል። አነስተኛ ነጋዴውም ተጎድቷል የሚለው እውነት ነው፤ ሐዘኑም ይገባኛል። የሚጠየቀው ግን ቀድሞ የተሠራ ሥራ ዋጋ ነው። አዋጁም የሠራተኛን ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች አስቀድሞታል። የደመወዝ መዝገቡ በፍርሻው ጠፋ የሚል አሠሪ ካለም የክፍያ መዝገብ የመያዝ ግዴታ የእርሱ ነው፤ ከፍያለሁ ካለ ማስረዳትም ያለበት እርሱ ነው።

ገንዘቡ ስንት እንደሆነ ሳይሰላ የሚደረግ ክርክር በአየር ላይ ስለሚቀር አንድ ስሌት ላሳይ። በወር 6,000 ብር የምታገኝ፣ 4 ዓመት የሠራች አስተናጋጅ እንውሰድ። ድርጅቱ ለዘለቄታው ስለተዘጋ ውሉ የተቋረጠው በአንቀጽ 24 ነው፤ በአንቀጽ 39 መሠረትም የሥራ ስንብት ክፍያ ይገባታል። የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዟ 200 ብር ነው እንበል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ማለትም 6,000 ብር ታገኛለች። ለቀሪዎቹ 3 ዓመታት በየዓመቱ የዚህ አንድ ሦስተኛ ስለሚታከል ሌላ 6,000 ብር ይሆናል። ድርጅት በመዘጋቱ ለሚቋረጥ ውል በአንቀጽ 40 ከዚህ በተጨማሪ የ60 ቀን ደመወዝ ስለሚከፈል 12,000 ብር ይጨመራል። በዚህ ላይ የሠራችበት የመጨረሻ ወር 6,000 ብር ሲደመር 30,000 ብር ይሞላል፤ ያልወሰደችው የዓመት ፈቃድ ክፍያ ገና ሳይታሰብ። የአንቀጽ 38 ጣሪያ ደግሞ 18,000 ብር ነው። በአንቀጽ 38 ላይ የሚደረገው ክርክር ለዚች ሴት የ3 ወር የቤት ኪራይና የአስቤዛ ጉዳይ ነው።

በሥነ ጽሑፉ ውስጥ ይበልጥ የተዘነጋው ግን አንቀጽ 37 ነው። ሠራተኛዋ የስንብት ክፍያውን፣ የዓመት ፈቃዱንና ደመወዙን በአንድ ክስ ስትጠይቅ አሠሪው በስንብቱ ስሌት ላይ ይከራከራል፤ ሁሉም ገንዘብ አብሮ ታስሮ ይቆያል። የመጨረሻው ወር ደመወዝ ግን ብዙ ጊዜ ማንም የማይክደው ነው። ከዚያም «ክሊራንስ» ይመጣል፤ ሽርጡን፣ የስቶር ቁልፉንና የካሸሩን ሂሳብ አስረክበሽ አስፈርሚ ትባላለች። የአንቀጽ 36 ማራዘሚያ የሚሠራው ሠራተኛው በጥፋቱ ንብረት ይዞ ሲገኝ ብቻ ነው። መጋዘኑ በግሬደር ተገፍቶ የሄደ አሠሪ የመጋዘኑን ቁልፍ ሰበብ አድርጎ ደመወዝ መያዝ አይችልም። ጠበቆች በክስ ማመልከቻው ላይ ክርክር የሌለበትን ገንዘብ ለብቻው አውጥተው ቢጽፉና ዳኞች በመጀመሪያው ቀጠሮ ይህን ገንዘብ ብቻ እንዲከፈል ቢያዙ፣ አዋጁ ያለ ምንም ማሻሻያ ዛሬውኑ ይሠራ ነበር። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ የለበትም፤ አዋጁም ለግል የሥራ ክርክር የ60 ቀን ጊዜ አስቀምጧል። የጎደለው አንቀጽ 37ን መጥቀስ ነው።

በመጨረሻ ስለ ካሳ። «ካሳው ይውጣና ሁላችሁንም እከፍላለሁ» የሚለው ተስፋ ሁለት ጊዜ ባዶ ነው። አንደኛ፣ ከፒያሳ ንግድ ቤቶች ብዙዎቹ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የተወረሱ፣ በቀበሌ ወይም በመንግሥት ቤቶች ተቋም ኪራይ የተያዙ ነበሩ። የሕንፃው ባለቤት ያልሆነ ተከራይ የሕንፃ ካሳ ጠባቂ ሊሆን አይችልም። ሁለተኛ፣ ባለቤት ቢሆን እንኳ የደመወዝ ዕዳው ከካሳው ጋር በምንም ድንጋጌ አልታሰረም፤ አንቀጽ 36 የሚቆጥረው 7 የሥራ ቀናት ነው።

አደጋው ግን ተስፋው ባዶ መሆኑ ላይ አያበቃም። ከሥራ ውል መቋረጥ ጋር የተያያዘ ክፍያ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል። በመጋቢት 2016 የተሰናበተ ሠራተኛ እስከ መስከረም 2017 ክስ ካልመሠረተ አሠሪው ይርጋውን በመቃወሚያነት አንሥቶ ይረታዋል። የቃል ተስፋ ይርጋን አያቋርጥም። የሚያቋርጠው ሥልጣን ላለው አካል የቀረበ ክስ ወይም አቤቱታ፣ ወይም አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ወይም በከፊል በመክፈል ማመኑ ነው። እያንዳንዱ ጉዳይ የራሱ ፍሬ ነገር እንዳለው አልዘነጋም። በባንክ የተላለፈች ትንሽ ገንዘብ ወይም በስልክ የተላከ አጭር የጽሑፍ መልእክት ዕዳውን እንደማመን ትቆጠራለች ወይ የሚለው ግን አከራካሪ መሆን አልነበረበትም፤ ትቆጠራለች።

ስለዚህ ልመናዬ በአዲስ አበባ የሥራ ክርክር ለሚያዩ ዳኞች ነው። ፍርሻው ብቻውን የአንቀጽ 38 መከላከያ እንዳልሆነ በውሳኔያችሁ በግልጽ ጻፉት፤ አሠሪውን ክፍያውን ምን እንዳዘገየው ጠይቁት፤ ክርክር የሌለበትን ደመወዝም በመጀመሪያው ቀጠሮ አስከፍሉት። ሥራውን ላጣና ይህን ለሚያነብ ሠራተኛ ደግሞ፦ የአሠሪህን ተስፋ በጽሑፍ ተቀበል፤ በጽሑፍ ካልሰጠህ ስድስተኛው ወር ሳይሞላ ፋይልህን ክፈት።