ግመሉ የቀረባት ዘይላ

ከሐረር ወደ ባሕር የሚወርደውን የጥንቱን የሲራራ መንገድ ብንከተል የሚያደርሰን ዘይላ ነው። ዛሬ ዘይላና አካባቢዋ በሶማሌላንድ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ከጅቡቲ ወሰን አጠገብ፣ ዓሣ አጥማጅና አርብቶ አደር የሚኖርበት አሸዋማ የገጠር ዳርቻ ነው። ድሮ ግን የይፋትና የአዳል ሱልጣኖች ወደብ፣ የሐረርም የባሕር በር ነበረች።

መቼም በእኛ ዘንድ ዘይላ ሲባል ቶሎ የሚታወሰው ጦርነት ነው። እውነት ነው፤ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሱልጣን ሰዓደዲን ከኢትዮጵያ ንጉሥ ጦር ሸሽቶ የተገደለው እዚያው ነው። ከከተማዋ ፊት ለፊት ያሉት ደሴቶች እስካሁን በስሙ ይጠራሉ። ዳሩ ግን ጦሩ አልፎ አልፎ ሲዘምት ግመሉ ዓመት እስከ ዓመት ይመላለስ ነበር። ቡናው፣ ቆዳውና የዝሆን ጥርሱ ሲወርድ ጨርቁ ይወጣል። ባሪያም በዚያው መንገድ ተነድቷል፤ ይህን ሸሽጎ የገበያዋን ድምቀት ብቻ ማውራት ታሪክ መጻፍ አይባልም።

በ14ኛው መቶ ዓመት የጎበኛት የሞሮኮው መንገደኛ ኢብን ባቱታ የገበያዋን ትልቅነት ያወሳል። ግን የዓሣውና በየመንገዱ የሚታረደው ግመል ሽታ አላስቀምጥ ቢለው፣ ባሕሩ እየተናወጠም ቢሆን መርከቡ ላይ ማደሩን መረጠ። እንዴት ያለ ሕዝብ ቢኖርባት ነው ያን ያህል ግመል የሚታረደው!

እ.ኤ.አ. በ1517 ፖርቱጋሎች አቃጠሏት፤ ተመልሳ ቆመች። በ1875 ግብፅ፣ በ1884 እንግሊዝ ያዛት፤ ሲራራው አልቀረም። ሪቻርድ በርተን በ1854 የዓረብ ነጋዴ መስሎ ወደ ሐረር ለመሄድ መጀመሪያ የገባው ዘይላ ነው። ገጣሚው አርተር ራምቦም በ1891 እግሩን ታሞ ከሐረር በቃሬዛ የወረደው ወደዚችው ወደብ ነበር።

ታዲያ እሳት ያልቻላትን ምን ጣላት? ሐዲድ! በ1897 ከጅቡቲ የተጀመረው የባቡር መስመር በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ገባ፤ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ጭነቱ ወደ ባቡሩ ዞረ፤ ገበያውም ጭነቱን ተከትሎ ወደ ጅቡቲ ሄደ። ዘይላም ያለ አንዲት ጥይት ጭር አለች።

ለሚጎበኛት የቀረው ቀላል አይደለም። ሁለት ሚህራብ ያለው የጥንቱ የቂብለተይን መስጊድ ፍርስራሽ አለ፤ ከባሕር በወጣ ድንጋይ የተገነቡ የአሮጌ ቤቶች ግድግዳዎች አሉ፤ በጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍና የደሴቶቹ የባሕር ወፎችም አሉ።

እኛ ተማሪዎች ስለ ባሕር በር በተከራከርን ቁጥር ካርታ ዘርግተን ወሰን እንለካለን። የዘይላ ታሪክ ግን ወደብን ወደብ የሚያደርገው ከጀርባው ያለው ቡና ለቃሚ፣ ግመል ነጂና መንገድ መሆኑን ያሳየናል። ታሪኳን የዘማች ብቻ አድርገን ከጻፍነው፣ ያን ሁሉ ዘመን ጭነት ያመላለሰውን ሰው ከመዝገብ ፋቅነው ማለት ነው። እንግዲህ ስለ ዘይላ ስንጽፍ ከንጉሡና ከሱልጣኑ ስም ጎን የግመል ነጂውንም ድካም እንጻፍ።