የሉተር ፀጉር ቆራጭ

ዊተንበርግ ውስጥ የማርቲን ሉተርን ፀጉር ይቆርጥ የነበረው ሰው ፔተር ቤስከንዶርፍ ይባላል። በዚያ ዘመን ፀጉር ቆራጭ ቁስል ያክማል፣ ደም ያወጣል፤ ግማሽ ሐኪም ነው። ፔተር የሉተር የረጅም ጊዜ ወዳጅ ነበር፤ እንዴት መጸለይ እንዳለበት ቢጠይቀው ሉተር በ1535 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ትንሽ መጽሐፍ ጻፈለት።

መጽሐፉ ለመነኮሳት የተጻፈ አይደለም። ሉተር ልቡ ሲቀዘቅዝ መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ወደ ክፍሉ ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ፣ ዐሥርቱን ትእዛዛትና ጸሎተ ሃይማኖትን እንደ ሕፃን ድምፁን አውጥቶ እንደሚደግም ይናገራል። «ቆይ፣ መጀመሪያ ይህችን ሥራ ልጨርስ» ከሚል ሐሳብ ተጠንቀቅ ይለዋል። እየጸለየ በመሐል ፈረሶቹ ተፈትተው እንደሆነ ሎሌውን የሚጠይቅ፣ ላሟን እንድታልብ ገረዲቱን የሚያዝ ቄስ አንስቶም ይሳለቃል። ለፔተር የሚስማማውን ምሳሌ ያገኘው ግን ከራሱ ከፔተር ሱቅ ነው፦ ጥሩ ፀጉር ቆራጭ ዓይኑም ልቡም ምላጩ ላይ ነው፤ ወሬ ካበዛና ወዲያ ወዲህ ካየ የደንበኛውን አፍንጫ ይቆርጣል፤ ሲብስም ጉሮሮውን። ሱቁን ዘግተህ ገዳም ግባ የሚል ምክር መጽሐፉ ውስጥ የለም። በሉተር ትምህርት ሰው በጸጋ ከጸደቀ በኋላ ምላጩን እንደያዘ ጎረቤቱን ያገለግላል።

ትእዛዛቱን አንድ በአንድ አንስቶ እያንዳንዱን በአራት መንገድ እንዲጸልይበት ያሳየዋል፦ መጀመሪያ ትምህርት፣ ቀጥሎ ምስጋና፣ ከዚያ ኑዛዜ፣ በመጨረሻ ልመና። «አትግደል» የሚለውም በዚሁ መልክ ተዘጋጅቶ ፔተር እጅ ገብቷል።

መጽሐፉ ከወጣ ገና ብዙም ሳይቆይ፣ በ1535 የፋሲካ ዋዜማ፣ ፔተር አማቹ ቤት ማዕድ ላይ ተቀመጠ። የልጁ ባል ወታደር ነበር፤ ብረት አይነካኝም፣ አልቆስልም እያለ ይፎክር ጀመር። ፔተር ቢላ አንስቶ ወጋው። ሰውየው ሞተ።

ቅጣቱ ሞት መሆን ነበረበት። ሉተርና ሌሎች ወዳጆች ግን ማለዱለት፤ ፔተር ከሞት ተርፎ ንብረቱን ተወረሰ፣ ከአገር ተባረረ፣ ደሳው በተባለች ከተማ ኖረ። «ጸጋ ማለት እንዲህ ያለ ማድበስበስ ነው» የሚል አንባቢ አይጠፋም፤ እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። ሉተር የኃጢአት ሥርየት በገንዘብም በበጎ ሥራም እንደማይገዛ፣ በእምነት ብቻ በነፃ እንደሚሰጥ አስተምሯል፤ ዳኛው ሰይፉን ይጣል ግን አላለም። እግዚአብሔር ይቅር ያለውን ሰው መንግሥት ሊቀጣው ይችላል፤ የተቀጣውም ሰው ከይቅርታ ውጭ አይደለም። የፔተር ፍርድ ሁለቱንም በአንድ ሰው ላይ ያሳያል፦ ነፍሱ ተረፈች፣ ሱቁና አገሩ ግን ተወሰዱበት።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ይህ ታሪክ ሲተረክ ሁሌ የሁለቱ ወዳጆች ታሪክ ይሆናል፤ የፔተር ልጅ ትዘለላለች። ባሏን የገደለባት አባቷ ነው፤ የእሱም ምሕረት በስደት የታሰረ ስለነበር አባቷንም አጣች። ሉተር ለወዳጁ መማለዱ ያስመሰግነዋል፤ ስለ ይቅርታ የምንሰብክ ሰዎች ግን ከተበደለችው ብንጀምር ሳይሻል አይቀርም።

መጽሐፉ በዚያው ዓመት ደጋግሞ ታተመ። ዛሬም ሲነሳ የፔተር ስም፣ የፀጉር ቆራጩ ስም፣ አብሮት ይነሳል።