የአማርኛ ድረ ገጽ በፍለጋ ሞተር ስለ መገኘቱ (የጊንሃይም ምሳሌ)

አዲስ ድረ ገጽ በፍለጋ ሞተር ተገኘ የሚባለው የሞተሩ ሮቦት ጎብኝቶት፣ በማውጫው መዝግቦት፣ ፈላጊ ሲመጣም ከብዙዎቹ መካከል መርጦ ሲያቀርበው ነው። መጎብኘትና መመዝገብ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ያልቃሉ። መመረጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከጀርመን አገር ሆኖ በአማርኛ ድረ ገጽ ለሚከፍት ሰው ደግሞ ዋናው እንቅፋት የምዝገባው ሥርዓት ሳይሆን የአጻጻፉ ነገር ነው።

ለምሳሌ በጊንሃይም ያለ የአንድ ሐበሻ ሱቅ ድረ ገጽ እንውሰድ። ጊንሃይም እ.ኤ.አ. በ1910 ወደ ፍራንክፈርት የተጠቃለለች የቀድሞ መንደር ስትሆን፣ ዛሬ የዩ 1 ባቡር መጨረሻ ናት። ስሟን ያስጠራው 337.5 ሜትር የሚረዝመው የቴሌኮሙኒኬሽን ማማ ነው። ይፋዊ ስሙ የአውሮፓ ማማ ይሁን እንጂ የከተማው ሰው «የጊንሃይም ሽፓርገል» ይለዋል፤ ሽፓርገል በጀርመንኛ አስፓራገስ የተባለው አትክልት ነው። ማማው የቆመው ግን በጎረቤቷ በቦከንሃይም መሬት ላይ ነው። ሰው የሚፈልገው ካርታው በሚለው ሳይሆን በለመደው ስም መሆኑን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። የጀርመንን የዶሜይን ስሞች የሚያስተዳድረው ዴኒክ እና እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው ትልቁ የኢንተርኔት መገናኛ ዴ-ሲክስም መቀመጫቸው ፍራንክፈርት ነው፤ ጎረቤታቸው መሆን ግን ለማንም ገጽ ደረጃ አይጨምርም።

ሮቦቱ ከአንድ ገጽ ወደ ሌላው የሚያልፈው በሊንክ ነው። ማንም ሊንክ ያላደረገለትን ገጽ ባለቤቱ ራሱ ማስታወቅ ይችላል። በጎግል «ሰርች ኮንሶል» በዶሜይኑ መዝገብ ላይ አንድ መለያ ጽሑፍ አስገብቶ ባለቤትነቱን ያረጋግጣል፤ ከዚያም የገጾቹን ዝርዝር የያዘ «ሳይትማፕ» ይሰጣል። ሳይትማፕን እ.ኤ.አ. በ2005 ጎግል ጀመረው፤ በዓመቱ ያሁና ማይክሮሶፍት ተቀበሉት። አንዱ ፋይል እስከ 50,000 አድራሻ ይይዛል፤ ለአንድ ምግብ ቤት ወይም ለአንድ ማኅበር ከበቂም በላይ ነው። ለማይክሮሶፍቱ ቢንግም ለብቻው ማስመዝገብ ያዋጣል፤ ዳክዳክጎን የመሳሰሉ ሌሎች መፈለጊያዎች ውጤታቸውን በብዛት ከቢንግ ስለሚወስዱ ነው። «ለሺህ የፍለጋ ሞተሮች እናስመዘግብልዎታለን» እያሉ ገንዘብ የሚጠይቁ ዛሬም አሉ። ሰው የሚጠቀምባቸው ሞተሮች በጣት የሚቆጠሩ፣ ምዝገባውም በነጻ ስለሆነ ገንዘቡ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ተመዝግቦም የማይታይ ገጽ ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚፈተሸው በሩ እንዳልተቆለፈ ነው። በወርድፕረስ የሚሠራ ባለሙያ ገጹ ሳያልቅ እንዳይታይ በ«ንባብ» ማስተካከያው ሥር ያለችውን ትንሽ ሳጥን ምልክት ያደርግባታል። ሳጥኗ በእያንዳንዱ ገጽ ኮድ ውስጥ «ኖኢንዴክስ» የሚል ትእዛዝ ታስገባለች። ሥራው አልቆ፣ ተመርቆ፣ ክፍያውም ተፈጽሞ ምልክቷ ሳትነሣ የምትቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የሚሠራበት «ሮቦትስ» የሚባለው ፋይልም ሮቦቱ የትኛውን ገጽ እንዳይጎበኝ ይነግረዋል፤ ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። በሮቦትስ ፋይል የተከለከለ ገጽ ሌላ ቦታ ሊንክ ካለው አድራሻው ባዶውን በውጤት ላይ ሊወጣ ይችላል። ኖኢንዴክስ ያለበት ገጽ ግን ከነጭራሹ አይወጣም፤ ያም የሚሆነው ሮቦቱ ገብቶ ትእዛዙን እንዲያነብ ከተፈቀደለት ነው።

አማርኛን በተመለከተ የመጀመሪያው ጥያቄ ጽሑፉ በእርግጥ ጽሑፍ መሆኑ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የፎንት ሥርዓቶች የተጻፈ ሰነድ በፎንቱ ሲታይ አማርኛ ይምሰል እንጂ በውስጡ የተቀመጠው የላቲን ሆሄና ምልክት ነው። የቆየውን የማኅበር ጽሑፍ እንዳለ ገልብጦ ድረ ገጽ ላይ የለጠፈ ሰው ሮቦቱን ትርጉም የሌለው ነገር እያስነበበው ነው። የበዓል ጥሪንና የምግብ ዝርዝርን በፎቶ ብቻ መለጠፍም ያው ነው፤ ስልክ ላይ ያምራል፣ ቃሉን ግን ሞተሩ እንደ ጽሑፍ አያገኘውም። በፎቶው ሥር ያንኑ በጽሑፍ መድገም ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የሞክሼ ፊደላት ጣጣ ነው። «ሐበሻ» የሚለው ቃል «ሀበሻ»፣ «ሃበሻ»፣ «አበሻ» እየተባለም ይጻፋል። «ፀሐይ» በሁለቱ ጸ እና አንድ ዓይነት ድምፅ ባላቸው ስድስት ሆሄዎች በ12 መንገድ ልትጻፍ ትችላለች። «ሥጋ ቤት» እና «ስጋቤት» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን በፊደልም በክፍት ቦታም ይለያያሉ። የከተማው ስም ራሱ አንድ ጊዜ «ፍራንክፈርት»፣ ሌላ ጊዜ «ፍራንክፉርት» ነው። ሞተሩ ሁሉንም አንድ አድርጎ ይቆጥርልኛል ብሎ መቀመጥ አያዋጣም። ይበልጥ የተለመደውን አጻጻፍ ርዕስ ላይ ማድረግና ሌላውን በጽሑፉ መካከል በተፈጥሮው ቦታ ማስገባት ይበቃል። ሊቃውንቱ ቅር ቢላቸውም ባለ ሱቁ የሚከተለው ፈላጊውን ነው።

ሁሉንም አጻጻፍ ደርድሮ ከገጹ ግርጌ መደበቅ ግን የሚያስቀጣ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2006 ጎግል የቢኤምደብልዩን የጀርመን ድረ ገጽ ከማውጫው አውጥቶት ነበር። ኩባንያው ለሮቦቱ «ያገለገለ መኪና» የሚለው ቃል የታጨቀበት ገጽ እያሳየ ሰውን ወደ ሌላ ገጽ ይመራ ነበር። ገጾቹ ከተነሡ በኋላ በጥቂት ቀናት ተመለሰ። እንዲህ ያለ ስም የሌለው ትንሽ ሱቅ ያን ያህል ፈጥኖ ይመለስልኛል ብሎ ባይተማመን ይሻለዋል።

ፍራንክፈርት ያለ ሐበሻ በጀርመንኛም፣ በላቲን ሆሄ በተጻፈ አማርኛም ይፈልጋል። ስለዚህ ገጹ የጀርመንኛ ክፍል ቢኖረው፣ ለየቋንቋው የራሱ አድራሻ ቢሰጠውና ሁለቱ በ«ኤችሬፍላንግ» ምልክት ቢያያዙ ይጠቅማል። በጎግል ካርታ ላይ ሱቁን ማስመዝገብ ደግሞ ለሰፈር ንግድ ከሁሉም በላይ ውጤት ያለው ሥራ ነው። የጊንሃይሙ አድራሻ በካርታውም፣ በጀርመን ሕግ ለንግድ ድረ ገጽ ግዴታ በሆነው «ኢምፕረሱም» ገጽም አንድ ዓይነት ሆኖ መጻፍ አለበት።

በስደት ያለው ማኅበረሰብ ወሬውን የሚለዋወጠው በአብዛኛው በቴሌግራምና በፌስቡክ ቡድኖች ነው። የተዘጋ ቡድን ውስጥ የተለጠፈ ሊንክ ሰው ያመጣል፤ ሮቦት ግን አያየውም። የቤተ ክርስቲያን፣ የእድር ወይም የስፖርት ማኅበር ድረ ገጽ ላይ በግልጽ የተቀመጠ አንድ ሊንክ ለፍለጋ ሞተር ከመቶ የቴሌግራም መልእክት ይበልጣል።

  

ለድረ ገጹ አድራሻም የፊደል ምርጫ የለም። ዴኒክ በሚያስተዳድረው የጀርመን ዶሜይን ሥር የሚፈቀዱት የላቲን ሆሄዎች፣ ቁጥሮችና እንደ ኡምላውት ያሉ 93 ተጨማሪ ሆሄዎች ብቻ ናቸው፤ የግዕዝ ፊደል ከነዚህ ውስጥ የለም። ይዘቱ ከላይ እስከ ታች አማርኛ ቢሆንም የጊንሃይሙ ድረ ገጽ በዚህ ዶሜይን ሥር ስሙን በላቲን ይጽፋል።