የወሮቻችን ስምና የጥቃቅን ፈለኮች ስም

የሰው ልጅ ጊዜን ሲከፍልም ሆነ በሰማይ አዲስ ነገር ሲያገኝ ስም ሳይሰጥ አያልፍም። ስሙን ከየት አመጣው የሚለው ጥያቄ ግን የታሪክ ተማሪን የሚመለከት ነው።

የዘመን አቈጣጠራችን ሥርዓት ከግብፆች ጋር አንድ መሆኑ የታወቀ ነው። መስከረም 1 ከእነርሱ ቱት 1 ጋር በአንድ ቀን ይውላል። ስሞቹ ግን አይገናኙም። ቱት በጥንታዊው አምላክ በቶት፣ ሃቱርም በሴቲቱ አምላክ በሃቶር ስም የተጠሩ ናቸው። ወደ እኛ ሒሳቡ ሲገባ እነዚህ አማልክት አብረው አልገቡም። በድምፅ የሚቀርበው ኅዳር ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን «ኀደረ» የሚል የራሱ የግእዝ ግስ አለው። በግልጥ የባዕድ የሆነው ጳጉሜን ሲሆን፣ «የተጨመሩ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው።

ሮማውያን ጁላይን ለዩልዮስ ቄሣር፣ ኦገስትን ለአውግስጦስ ሰጥተዋል። ከ1636 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎንደር ያን ሁሉ ግንብ ያሠሩት ነገሥታት ግን አንዲት ወር እንኳ በስማቸው አላስጠሩም!

ሐምሌ «ሐምል» ከሚለው የግእዝ ቃል ጋር ይገጥማል፤ ትርጉሙም ጎመን፣ ቅጠላ ቅጠል ማለት ነው። የድምፅ መግጠም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ነገር ግን በዳባትና በደባርቅ ደጋ በክረምት ጎተራው ሲጎድል ባለቤቲቱ ወደ ጎመን እንደምትዞር የሚያውቅ ሰው ይህን ፍች በቀላሉ አይጥለውም። በአዲስ ዓመት «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» መባሉም ከዚሁ የተነሣ ነው።

አሁን ወደ ሰማይ እንመለስ። ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ሲገባ የከዋክብት መመልከቻ መሣሪያ ይዞ ነበር፤ ሆኖም አስትሮይድ የሚባሉትን ጥቃቅን ፈለኮች ገና ማንም አላወቃቸውም። የመጀመሪያውን ፒያትሲ የተባለ ቄስ በሲሲልያ ደሴት በፓሌርሞ ከተማ በጃንዋሪ 1 ቀን 1801 እ.ኤ.አ. አገኘና በሮማውያን የእህል አምላክ በሴሬስ ስም ጠራው። ቀኑ በእኛ ታኅሣሥ 24 ቀን 1793 ዓ.ም. የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የልደት በዓል ነው። ጎንደር በዘመነ መሳፍንት ውስጥ ነበረች፤ ወሩም በደጋው እህል በአውድማ የሚሰነብትበት ነው። ሴሬስ ዛሬ ከድንክ ፕላኔቶች ተራ ትቈጠራለች።

ከዚያ ወዲህ የአማልክቱ ስም አልበቃ ስላለ የአገሮች ስምም ተጨመረ። በ1937 እ.ኤ.አ. ሲሪል ጃክሰን በጆሃንስበርግ ያገኘው 1432ኛው አስትሮይድ «ኢትዮጵያ» ይባላል። በተገኘበት ዓመት አገራችን በኢጣልያ ወረራ ሥር ነበረች።