የደከመ ዓይንና የማሽን ዓይን፤ የሕዋስ ምስል ምርመራ አጭር ታሪክ

ከማኅፀን በር የተወሰደ ናሙና የተቀባበት አንድ የመስታወት ስላይድ በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ሕዋሳትን ይይዛል። ከነዚህ ውስጥ የካንሰርን ጅማሬ የሚያመለክቱት ምናልባት ጥቂቶች ብቻ ይሆናሉ። ጆርጅ ፓፓኒኮላውና ኸርበርት ትራውት እ.ኤ.አ. በ1941 የዚህን ዓይነቱን ምርመራ ጠቃሚነት በጽሑፍ ካስረዱ ወዲህ፣ የብዙ ሴቶች ሕይወት በማይክሮስኮፕ ላይ ባጎነበሰው ባለሙያ ዓይን ላይ የተመሠረተ ሆነ። ዓይን ግን ይደክማል። ይህንን ድካም ለማሽን ለማካፈል የተደረገው ጥረት፣ ኮምፒዩተር የሕያዋንን ምስል እንዲመረምር ካስቻሉት መንገዶች ቀደምት ከሆኑት አንዱ ነው።

የመጀመሪያው ሰፊ ሙከራ በ1950ዎቹ በኒውዮርክ ግዛት፣ በሎንግ አይላንድ የተሠራው ሳይቶአናላይዘር የተባለ መሣሪያ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ይመስል ነበር። የካንሰር ሕዋስ አስኳል ከጤነኛው ይልቅ ትልቅና ጠቆር ያለ ስለሚሆን፣ መጠኑንና ጥቁረቱን የሚለካ መሣሪያ ሕመሙን ሊለይ ይችላል ተባለ። በተግባር ግን እርስ በርሳቸው የተደራረቡ ሕዋሳት፣ የነጭ የደም ሕዋሳት ክምችትና በስላይዱ ላይ የቀረ ቆሻሻ ሁሉ ለማሽኑ እንደ አደገኛ አስኳል ታዩት። በጤነኞች ስላይድ ላይ የሐሰት ማስጠንቀቂያ ስለ በዛ መሣሪያው ለዘወትር አገልግሎት ሳይበቃ ቀረ። ማሽኑ መለካቱንስ ለክቶ ነበር፤ የለካው ነገር ምን እንደሆነ ግን አላወቀም።

መፍትሔው ከሌላ አቅጣጫ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1957 ረስል ኪርሽ በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ የሦስት ወር ልጃቸውን ፎቶግራፍ በ176 ረድፍና በ176 ዓምድ ነጥቦች ከፋፍለው ወደ ኮምፒዩተር አስገቡ። ምስል ወደ ቍጥር ከተለወጠ ዘንድ ደጋግሞ ሊመረመር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1966 ጁዲት ፕሪዊትና ሞርቲመር ሜንደልሶን ይህንኑ መንገድ በመከተል የነጭ የደም ሕዋሳትን ምስል አጠኑ። ነጥቦቹ በብርሃናቸው መጠን ተለይተው ቢቈጠሩ፣ ባዶው መደብ፣ የሕዋሱ አካልና አስኳሉ የየራሳቸውን ክፍል እንደሚይዙ አሳዩ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የባለሙያው ድካም አልቀነሰም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 አንድ የአሜሪካ ጋዜጣ፣ በአንዳንድ ላቦራቶሪዎች ባለሙያዎች ከአቅም በላይ የሆነ ስላይድ እንዲያነቡ ይደረጉ እንደነበርና በዚህም ምክንያት ካንሰር ሳይታወቅ እንዳለፈ ገለጠ። በ1988 የወጣውን ሕግ ተከትሎ የተደነገገው ደንብ አንድ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ100 ስላይድ በላይ እንዳይመረምር ከለከለ።

ማሽኑም ቀስ በቀስ ተገቢ ቦታውን አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የተፈቀደ አንድ መሣሪያ ከእያንዳንዱ ስላይድ 22 ቦታዎችን እየመረጠ ለባለሙያው ያቀርብ ነበር፤ ፍርዱ ግን የሰው ሆኖ ቀረ። ለዚህም ስኬት የረዳው የኮምፒዩተሩ ፍጥነት ብቻ አልነበረም። ናሙናው አስቀድሞ በፈሳሽ ውስጥ ተበትኖ በስስ ንጣፍ ስለሚዘረጋ የሕዋሳቱ መደራረብ ቀንሶ ነበር። የማሽኑ ዓይን የጠራው በናሙና አዘጋጁ እጅ ጭምር ነው ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ2015 በጀርመን የፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዩኔት የተባለውን ዘዴ ሲያቀርቡ፣ ከፍራፍሬ ዝንብ የነርቭ ሥርዓት የተወሰዱ 30 ምስሎች ብቻ ለማሠልጠኛ በቅተዋል። ይሁን እንጂ በእነዚያ ምስሎች ውስጥ የእያንዳንዱ ሕዋስ ወሰን አስቀድሞ በሰው ተለይቶ የተመለከተ ነበር። እንግዲህ ማሽን የሚማረው ከሰለጠነ የሰው ዓይን ነው። ናሙናውን የሚያበላሽ እጅና ወሰኑን የሚያሳስት ዓይን ካሉ፣ ማሽኑ ስሕተታቸውን ሳይደክመው ይደግመዋል። የባለሙያው ኃላፊነት በማሽን መምጣት አልቀለለም፤ ይልቁንም ከስላይዱ በፊት ጀመረ።