ዲፍቴሪያ፦ ክትባት እያለው ዛሬም የሰው ሕይወት የሚቀጥፈው በሽታ

ኦቦ በሰሜን ኬንያ፣ በማርሳቢት ካውንቲ፣ በሞያሌ የምርጫ ክልል ውስጥ ትገኛለች። በዚህ የድንበር አካባቢ የቦረና አርብቶ አደሮች ግጦሽና ውሃ ፍለጋ ይንቀሳቀሳሉ። በመሆኑም በአንድ ጤና ጣቢያ የተጀመረ የሕፃን ክትባት እዚያው ላይጠናቀቅ ይችላል። ለዲፍቴሪያ በር የሚከፍተውም እንዲህ ያለው ክፍተት ነው።

ዘጊ አናዳ በመባልም የሚታወቀው ይህ በሽታ በባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን፣ በዋናነት በሳልና በማስነጠስ ይተላለፋል። አብዛኛውን ጊዜ ባክቴሪያው ወደ ሰውነት በገባ ከ2 እስከ 5 ቀናት ውስጥ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመምና የአንገት እብጠት ይታያሉ። ባክቴሪያው የሚያመነጨው መርዝ በጉሮሮ ላይ ግራጫ ሽፋን ፈጥሮ መተንፈሻን ሊዘጋ ይችላል፤ በደም ሲሰራጭም ልብንና ነርቭን ይጎዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ካልተከተቡና ተገቢውን ሕክምና ካላገኙ ሕሙማን መካከል 30 በመቶ ገደማው ይሞታሉ። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን ቢገድልም የተሰራጨውን መርዝ አያከሽፍም። ለዚህ የሚያስፈልገው ፀረ መርዝ መድኃኒት በፍጥነት መሰጠት አለበት፤ በዓለም ላይ ያለው አቅርቦት ግን ውስን ነው።

ስጋቱ ከአካባቢው የራቀ አይደለም። የሁለቱም አገራት ጎረቤት በሆነችው ሶማሊያ፣ እንደ አገሪቱ ብሔራዊ የጤና ተቋም ከሆነ፣ በአውሮፓውያኑ 2025 እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ ከ1,600 በላይ ሰዎች ታመው 87ቱ ሞተዋል። በ2024 ሙሉ ዓመት የተመዘገበው 838 ሕሙማንና 56 ሞት ነበር።

ዲፍቴሪያን የሚከላከለው ፔንታቫለንት ክትባት ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍን እና ሌሎች ሁለት በሽታዎችንም ይከላከላል። በኢትዮጵያ በአውሮፓውያኑ 2019 የተካሄደ ብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወራት ከሆኑ ሕፃናት ሦስተኛውን ዙር ያገኙት 61 በመቶው ብቻ ናቸው። ወረርሽኝን ለመግታት ግን ከ80 እስከ 85 በመቶ የሚሆነው ማኅበረሰብ መከተብ ይኖርበታል።

ድንበር ለሚሻገሩ ቤተሰቦች ግን አንድ መልካም ነገር አለ። ኢትዮጵያም ሆነች ኬንያ ክትባቱን የሚሰጡት ሕፃኑ በተወለደ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ነው። የተቋረጠ ክትባትም ከቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደ አዲስ አይጀመርም። ስለዚህ የክትባት ካርዱን ይዞ የተጓዘ ወላጅ፣ ቀሪውን ዙር በደረሰበት ጤና ጣቢያ ለማስቀጠል ይቀለዋል።