የትርጉም ትርጉም፦ ከ«በረላም ወይዋስፍ» እስከ ጭሮ

የትርጉም ትርጉም በሥነ ጽሑፍ ጥናታችን ብዙ ጊዜ በንቀት ይታያል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ከግዕዝ ቅርሳችን ብዙው የዚሁ ውጤት ነውና።

«በረላም ወይዋስፍ»ን እንመልከት። ከየመን መጥቶ የደብረ ሊባኖስ እጨጌ ለመሆን የበቃው እንባቆም (በ1540 እ.ኤ.አ. «አንቀጸ አሚን»ን ለኢማም አሕመድ የጻፈው እርሱ ነው) መጽሐፉን በ1553 እ.ኤ.አ.፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሰው። ዐረብኛው ከግሪክ፣ ግሪኩ ከጆርጂያኛ፣ ጆርጂያኛው ደግሞ ከሌላ፣ ከቀደመ ዐረብኛ የተገኘ ነው። ሥሩ የቡድሃ ታሪክ ነው። የመንገዱን ርዝመት የባለታሪኩ ስም ይመሰክራል፦ «ቦዲሳትቫ» በዐረብኛ «ቡዳሳፍ» ተባለ፤ በጽሕፈት አንዲት ነጥብ ስትጨመር «ቡ» «ዩ» ሆነ፤ በግሪክ «ዮአሳፍ»፣ በግዕዝ «ይዋስፍ»። የአንድ ገልባጭ ስሕተት ስም ሆኖ ቀረ፤ መጽሐፉን ግን አላበላሸውም።

ዛሬ በጭሮ (በአሰበ ተፈሪ)፣ በገለምሶና በበዴሳ የማውቃቸው ወጣቶች የጃፓን ሥዕላዊ ታሪኮችን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛና ኦሮምኛ እየመለሱ በስልክ ይለዋወጣሉ። እንግሊዝኛውም ራሱ የአፍቃሪ አንባቢዎች ትርጉም ነው። ቀልዱ አንዳንዴ ይጠፋል፤ ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበበው ገጽም ያደናግራል (ዐረብኛ ለሚያነቡት ግን አዲስ አይደለም)። ይህ ያን ያህል አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ የመካከለኛው ተርጓሚ ስም ከገጹ ጥግ እየተቆረጠ መጣሉ ነው። የግዕዙ መጽሐፍ ተርጓሚውንና ከዐረብኛ መመለሱን ይናገራል፤ ሰንሰለቱን መከተል የተቻለውም ስለዚህ ነው። ስሙ የተቆረጠበትን አንድ ገጽ ግን ከየት እንደ መጣ ለማወቅ አንድ ተማሪዬ ቀኑን ሙሉ ፈልጎ አጣ።